ነፍጥና የምርጫ ካርድ በቀይ አፈር ምድር

ከጂንካ ተነሥቶ አርባ ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ መንገደኛ ቀይ አፈር ይደርሳል። ቀኑ ሐሙስ ከሆነ በናው፣ ፀማዩ፣ ሐመሩና አሪው በአንድ ገበያ ውለው ያገኛቸዋል። ማሩና ቅቤው፣ ማሽላውና ቅሉ፣ ፍየሉና ቆዳው ይሸጣል፤ ይለወጣል። በዚህ ገበያ የተገናኙት ሰዎች ሲለያዩ ገሚሱ ወደ ደጋው እርሻ፣ ገሚሱ ወደ ቆላው ግጦሽ ያመራል። ወደ ቆላው የሚወርደው አርብቶ አደር ከብቶቹ ዘንድ ሲደርስ ከበርኮታውና ከበትሩ ጋር ጠመንጃውን ያነሣል። በዚያ አገር ጠመንጃ የሌለው እረኛ ከብቱን ለሌላ የሚጠብቅ ሰው ይመስላል።

መንግሥት ከዚህ ሰው በልዩ ልዩ ጊዜ ሁለት ነገር ጠይቆታል። አንደኛው ጠመንጃውን እንዲያስመዘግብ፣ አንዳንድ ጊዜም እንዲያስረክብ ነው። ሁለተኛው ስሙን በመራጮች መዝገብ አስፍሮ በተወሰነው ቀን ድምፁን እንዲሰጥ ነው። በመሥሪያ ቤት አሠራር እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች የሚገናኙበት ስፍራ የለም፤ የመጀመሪያው የፖሊስና የጸጥታ ጉዳይ ሲባል ሁለተኛው የምርጫ ቦርድ ሥራ ነው። በተጠያቂው ሰው ኑሮ ግን የሁለቱም መልስ የሚወሰነው በአንድ ጥያቄ ነው፤ ይኸውም ከብቴንና ልጄን ማን ይጠብቅልኛል የሚለው ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያ ጥያቄ በደቡብ ኦሞ ታሪክ ውስጥ እንዴት እንደተፈጠረ፣ ለምንስ እስከ ዛሬ እንዳልተመለሰ ማሳየት ነው።

ነፍጥ ወደ ኦሞ ሸለቆ ሲገባ

የአውሮፓ መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ1890 በብራስልስ ባደረጉት ስምምነት ጠመንጃ ወደ አፍሪካ እንዳይገባ ለመገደብ ተስማምተው ነበር። የስምምነቱ ዋና ምክንያት የባሪያ ንግድን መግታት ነው ተባለ። ይሁን እንጂ ክልከላው የተጣለባቸው አገሮች ቅኝ ገዥዎቹ ሊይዟቸው የቋመጡባቸው አገሮች ነበሩ። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ይህን ከመጀመሪያው ተገንዝበው በጂቡቲ በኩል ከፈረንሳይ ነጋዴዎች፣ ቀደም ብሎም ከራሷ ከኢጣልያ፣ መሣሪያ ሰበሰቡ። በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ የተገኘው ድል በጀግንነት ብቻ ሳይሆን በዚህ ዝግጅትም የተገኘ ነው። ስናድርና ውጅግራ የሚሉት ስሞች ከዚያ ዘመን ጀምሮ ከሕዝቡ አንደበት አልጠፉም።

ይኸው መሣሪያ ለደቡቡ ሕዝብ ሌላ ትርጉም ነበረው። በ1880ዎቹ ዓመታት መጨረሻ የመንግሥቱ ጦር ወደ ኦሞ ሸለቆ ሲዘልቅ፣ በ1890 ዓ.ም. የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ዘመቻ እስከ ሩዶልፍ ሐይቅ፣ ማለትም እስከ ዛሬው ቱርካና ሐይቅ ሲደርስ፣ የአካባቢው ሰው ከመንግሥት ጋር የተዋወቀው በጠመንጃ አፈሙዝ ነው። ከዘመቻው በኋላ የሰፈረው ወታደር ነፍጠኛ ተባለ፤ ደመወዙ ገባር ሆነ። አሪን በመሰለው በደጋው ገበሬ ላይ የገባርነት ቀንበር ሲከብድ፣ ቆላው አርብቶ አደር ደግሞ ከብቱን እየነዳ ይሸሽ፣ ሲደርሱበትም ይዘረፍ ነበር። እንግዲህ ነፍጥ ያለው ገዥ፣ ነፍጥ የሌለው ተገዥ የሚለው ትምህርት በዚያች ምድር በማንም አልተሰበከም፤ ሁሉም በዓይኑ አይቶ የተማረው ነው።

የቆላው ሕዝብም ትምህርቱን ቶሎ ያዘ። በዝሆን ጥርስ ንግድ፣ በማጂና በድንበሩ ገበያዎች በኩል ጠመንጃ ከእጅ ወደ እጅ ተሻገረ። ዋጋው በከብት ተተመነ፤ ከጊዜ በኋላም በአንዳንዶቹ ሕዝቦች ዘንድ ከጥሎሽ ከብቶች ጎን ተቆጠረ። ቀድሞ በሌሎች ዘንድ ቡሜ ይባሉ የነበሩት ኛንጋቶሞች ዛሬ የሚታወቁበት ስም፣ ሕዝቡን ያጠናው ሰርዥ ቶርኔ እንደገለጸው፣ «ቢጫ ጠመንጃዎች» ማለት ነው። ስሙን መሣሪያ ካደረገ ሕዝብ መሣሪያውን ለመውሰድ የሚነሣ አስተዳዳሪ ምን እንደሚወስድ አስቀድሞ ማወቅ ይገባዋል።

ለብቻ ትጥቅ የፈታ

ስለ መሣሪያ ቁጥጥር ሲነገር ኢትዮጵያ ራሷ በዓለም ፊት የቆመችበትን ስፍራ ማስታወስ ይጠቅማል። አገሪቱ በመስከረም 1916 ዓ.ም. ወደ መንግሥታት ማኅበር ስትገባ የተጣለባት ግዴታ የባሪያ ንግድን ማጥፋትና የመሣሪያ ንግድን መቆጣጠር ነበር። በነሐሴ 1922 ዓ.ም. ከእንግሊዝ፣ ከፈረንሳይና ከኢጣልያ ጋር የመሣሪያ ውል ተፈራረመች። ከአምስት ዓመት በኋላ ኢጣልያ ለወረራ ስትዘጋጅ እንግሊዝና ፈረንሳይ ለሁለቱም ወገን መሣሪያ አንሸጥም አሉ። ክልከላው በቃሉ እኩል ነበር። ኢጣልያ ግን አውሮፕላኑንና መድፉን በራሷ ፋብሪካ ትሠራ ስለነበር ክልከላው የጎዳው ኢትዮጵያን ብቻ ነው። በመስከረም 1928 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲጀመር ውሉን ያከበረው ወገን ባዶ እጁን ቀረ።

ለኢትዮጵያ መንግሥት የደረሰው ይህ ዕጣ በድንበሩ ላይ ለነበሩ አርብቶ አደሮች አዲስ አልነበረም። የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ጦር እ.ኤ.አ. በ1910ዎቹ ዓመታት የቱርካናን ሕዝብ በተደጋጋሚ ዘመቻ ትጥቅ ሲያስፈታ፣ እ.ኤ.አ. በ1918 የተካሄደው የላቡር ዘመቻም የዚሁ ክፍል ሲሆን፣ ከድንበሩ ወዲህ ያሉት ዳሰነቾችና ኛንጋቶሞች ጠመንጃቸው በእጃቸው ነበረ። ትጥቁን የፈታው ቱርካና ከብቱን አጣ። እንግሊዞች መሣሪያውን ሲሰበስቡ በምትኩ ሊሰጡት የሚገባቸው ጥበቃ በዚያ በረሃ አልደረሰም። በኡጋንዳ ካራሞጃ እ.ኤ.አ. በ2001 በተጀመረው የትጥቅ ማስፈታት ሥራም መሣሪያቸውን ቀድመው ያስረከቡት ወገኖች በጎረቤቶቻቸው ተዘርፈዋል። በሰማንያ ዓመት ልዩነት አንድ ዓይነት ስሕተት በአንድ ዓይነት አገር ተደገመ።

ከዚህ የሚወጣው ትምህርት ቀላል ቢሆንም ከመሥሪያ ቤት ወደ መሥሪያ ቤት ሲተላለፍ ይረሳል። ጠመንጃ በአንድ ሰው እጅ ያለ ዕቃ ብቻ አይደለም፤ በሁለት ጎረቤታሞች መካከል ያለ ሚዛን ነው። ከአንዱ ወገን ብቻ የተነሣ እንደሆነ ሚዛኑ ይወድቃል።

ምርጫ ሲመጣ

የምርጫ ታሪክ በደቡብ ኦሞ ከነፍጥ ታሪክ በስድሳ ዓመት ያህል ያንሳል። የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በ1948 ዓ.ም. ከታወጀ በኋላ ሕዝቡ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትን ለመጀመሪያ ጊዜ የመረጠው እ.ኤ.አ. በ1957 ነው። ከዚያ በኋላ በየአራት ዓመቱ እስከ እ.ኤ.አ. 1973 ድረስ አምስት ምርጫዎች ተካሄዱ። የፖለቲካ ፓርቲ አልነበረም። ዕጩ ለመሆንም በምርጫው ወረዳ ንብረት መኖር ያስፈልግ ነበር። ንብረት ማለት ከሁሉ በፊት መሬት፣ መሬት ደግሞ በደቡቡ ክፍለ ሀገር በአብዛኛው የነፍጠኛውና የባላባቱ እንደነበረ ሲታሰብ፣ ጠመንጃ የነበረው ወገን የዕጩነቱም ባለቤት መሆኑ ግልጽ ነው። ገባሩ የተጠየቀው ከጌቶቹ መካከል አንዱን እንዲመርጥ ነበር።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ይህን ሥርዓት ከሥሩ ነቀለው። ገባርነት ቀረ፤ የገበሬ ማኅበራት ተቋቋሙ፤ የባለ መሬቱ ጠመንጃም ከእጁ ወጣ። አሪን ለመሰለ ገበሬ ይህ የነፃነት ቀን ነበር። ሆኖም አዋጁ የተጻፈው እርሻን አስቦ ስለነበረ ለቆላው አርብቶ አደር የነካለት ነገር ጥቂት ነው። በቆላው ላይ ለውጥ ያመጣው ከአዲስ አበባ የወጣ አዋጅ ሳይሆን ከድንበር ማዶ የመጣ መሣሪያ ነበር።

በ1979 ዓ.ም. የሆነው ይህን በግልጽ ያሳያል። በዚያ ዓመት ጥር 24 ቀን የኢትዮጵያ ሕዝብ በአዲሱ ሕገ መንግሥት ላይ ድምፅ ሰጠ፤ ከመራጩ 81 በመቶ ያህሉ እንደ ደገፈውም ተነገረ። ከሳምንታት በማይበልጥ ጊዜ ውስጥ ኛንጋቶሞች፣ በሱዳኑ የእርስ በርስ ጦርነት ምክንያት ወደ አካባቢው በገባው ክላሽንኮቭ ታጥቀው በሙርሲዎች ላይ ወረዱ። ሙርሲዎች በእጃቸው የነበረው አሮጌ ምንሽርና መሰል ጠመንጃ ነበር። ሕዝቡን ለብዙ ዓመታት ያጠናው ዴቪድ ተርተን እንደ ጻፈው በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች አለቁ፤ ከሟቾቹም ብዙዎቹ ሴቶችና ልጆች ነበሩ። ሚዛኑ በአንድ ቀን ወደቀ። ከጥፋቱ የተረፈ ሙርሲ በዚያው ሰሞን በድምፅ ብልጫ የጸደቀው ሕገ መንግሥት ለሕይወቱ ዋስትና ስለ መስጠቱ ቢጠየቅ ምን ይመልስ እንደነበር መገመት አያስቸግርም። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ሙርሲዎች ከብት እየሸጡ ክላሽንኮቭ መግዛታቸውን ማንም በዕብደት ሊቆጥረው አይችልም።

ሰው ለምን እንዲህ ይመርጣል?

ከ1983 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ የተቋቋመው ሥርዓት ለደቡብ ኦሞ ሕዝቦች ከዚያ በፊት ያልነበረ ስፍራ ሰጥቷል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በፌዴሬሽን ምክር ቤት ለእያንዳንዱ ብሔር፣ ብሔረሰብና ሕዝብ ቢያንስ አንድ ወኪል እንዲኖረው፣ በተወካዮች ምክር ቤትም ቁጥራቸው ላነሰ ሕዝቦች ከ20 የማያንስ መቀመጫ እንዲጠበቅ ደነገገ። ከነፍጠኛው ዘመን ለመጣ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ይሁን እንጂ የምርጫው ውጤት እንደ አገሩ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ ሆነ፤ በ2002 ዓ.ም. ገዥው ግንባርና አጋሮቹ ከ547 መቀመጫዎች ከሁለቱ በቀር ሁሉንም፣ በ2007 ዓ.ም. ደግሞ አንድም ሳይቀር ያዙ።

ይህን ውጤት ከከተማ ሆኖ የሚመለከት ሰው ፈጥኖ የሚሰጠው ማብራሪያ አለ። አርብቶ አደሩ አልተማረም፤ ምልክት አይቶ ያሰምራል፤ ሽማግሌ ያዘዘውን ይፈጽማል ይባላል። ማብራሪያው ግማሽ እውነት ስላለው አሳሳች ነው። በሐመርና በበና ዘንድ የወንዶች ጉባኤ ሲሰበሰብ ተናጋሪው ጦር ይዞ እየተራመደ ሐሳቡን ይገልጻል፤ ሌላውም በተራው ይናገራል፤ ስምምነት እስኪገኝ ድረስ ጉዳዩ ይመከርበታል። ቢታ የሚባለው የሃይማኖት አባት ይባርካል እንጂ እንደ ንጉሥ አያዝም። ስለዚህ መራጩ ወደ ምርጫ ጣቢያ ሲሄድ አብሮ የመከረበትን ይዞ ይሄዳል። ይህም የአርብቶ አደር ብቻ ጠባይ አይደለም። በአሜሪካ የኦሃዮ ክፍለ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1940 በተካሄደው ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ላይ ፖል ላዛርስፌልድና ባልደረቦቹ ያደረጉት ጥናት፣ የተማረው የአሜሪካ መራጭም ቢሆን ድምፁን የሚወስነው በዘመቻ ንግግር ሳይሆን ይበልጡን በቤተሰቡ፣ በሃይማኖቱና በወዳጆቹ እንደሆነ አሳይቷል።

ሁለተኛው ምክንያት ከመሣሪያው ጋር ይገናኛል። በጠረፍ ወረዳ መንግሥት ማለት ፖሊስ፣ የእርዳታ እህል፣ የከብት ክትባት፣ መንገድና የታጣቂ ፈቃድ ነው። እነዚህን ሁሉ የሚሰጥና የሚነሣ አንድ እጅ ብቻ እንደሆነ ሕዝቡ ባየ ጊዜ፣ ለሌላ ወገን ድምፅ መስጠት ጥበቃን አሳልፎ መስጠት ይሆንበታል። በዚህ መልክ የተሰጠ ድምፅ የፍቅር ምልክት አይደለም፤ የዕውቀት ማነስ ምልክትም አይደለም። ዋስትና ለመግዛት የተከፈለ ዋጋ ነው። ጠመንጃውን የሚገዛውና ለገዥው ወገን ድምፁን የሚሰጠው ሰው አንድ ሰው ነው፤ ምክንያቱም አንድ ነው።

የሁለት አገሮች ምስክርነት

መሣሪያና ድምፅ በግልጽ የተገናኙበት አጋጣሚ በሌላው ዓለም ይገኛል። በአውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1996 ፖርት አርተር በተባለው ስፍራ አንድ ሰው 35 ሰዎችን ገደለ። በጠቅላይ ሚኒስትር ጆን ሃዋርድ የሚመራው መንግሥት ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ከክፍለ ግዛቶቹ ጋር ተስማምቶ ፈጣን ተኳሽ መሣሪያዎችን ከለከለ፤ 650,000 ያህል ጠመንጃዎችንም ዋጋ ከፍሎ ሰበሰበ። ከመንግሥቱ ደጋፊዎች ብዙው የገጠር ሰው ስለነበረ ቅሬታው ብርቱ ነበር። ሆኖም በተከታዩ የ1998 ምርጫ መንግሥቱ በሥልጣን ቆየ።

ብራዚል ደግሞ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2005 የመሣሪያ ሽያጭ ይከልከል ወይስ አይከልከል ብላ ሕዝቧን በቀጥታ ጠየቀች። አገሪቱ በየዓመቱ በአሥር ሺሕ የሚቆጠር ዜጋ በጥይት የምታጣ ነበረች፤ ከወራት በፊትም ብዙኃኑ ክልከላውን ይደግፋል ይባል ነበር። ድምፁ ሲቆጠር 64 በመቶ ያህሉ ሕዝብ አይከልከል አለ። በዘመቻው ጊዜ ሚዛን የደፋው ክርክር ፖሊስ ሊጠብቀኝ ካልቻለ መንግሥት መከላከያዬን ለምን ይወስድብኛል የሚለው ነው።

የሁለቱ አገሮች ልዩነት በሕዝቡ ሥልጣኔ ወይም በጠመንጃ ፍቅር አይመዘንም። የአውስትራሊያ ገበሬ ጠመንጃውን ሲያስረክብ ካሳ ተከፍሎታል፤ ጎረቤቱም እንዳስረከበ፣ ሌሊት ቢጮህ ፖሊስ እንደሚደርስለት ያውቃል። በሪዮ ዳርቻ የሚኖር ብራዚላዊ ከእነዚህ አንዱንም እርግጠኛ አልነበረም። የቀይ አፈር አርብቶ አደር ከሁለቱ ለማን እንደሚቀርብ መናገር አያስፈልግም።

አዋጁና ሕዝበ ውሳኔው

ኢትዮጵያ በ1996 ዓ.ም. የናይሮቢን የቀላል መሣሪያዎች ፕሮቶኮል ከፈረሙት አገሮች አንዷ ነበረች። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ወጣ። አዋጁ ፈቃድንና ምዝገባን መሠረት ያደረገ ሲሆን፣ መሣሪያ መያዝ የባህል ክፍል በሆነባቸው አካባቢዎች ግለሰብ ሊይዝ የሚችለውን ዓይነትና ብዛት ወስኗል። የሕግ አውጪው ልማዱን ጨርሶ አለመካዱ የሚመሰገን ነው። በዚያው ዓመት መጀመሪያ በቦዲና በሙርሲ አካባቢ የተካሄደው የትጥቅ ማስፈታት ዘመቻ ግን የኃይል እርምጃና የሰብአዊ መብት ጥሰት አቤቱታ ተከተለው። ፈቃድ የሚሰጥ ሕግና ትጥቅ የሚያስፈታ ዘመቻ በአንድ ዓመት ሲመጡ፣ ሕዝቡ መንግሥትን የሚለካው በደረሰበት እንጂ በተጻፈለት አይደለም።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ጥር 29 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ የደቡብ ኦሞ ሕዝብ ከሌሎች አምስት ዞኖችና ከአምስት ልዩ ወረዳዎች ጋር አዲስ ክልል ስለ ማቋቋም ድምፅ ሰጠ። ብዙኃኑ ደገፈ፤ በነሐሴ ወርም የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ተመሠረተ። ከዚያ አንድ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ በ2014 ዓ.ም. የአሪ የዞንነት ጥያቄ በተነሣበት ወቅት በጂንካና በአካባቢዋ ሁከት ደርሶ ቤትና ንብረት ወድሟል። ስለዚህ በሕዝበ ውሳኔው የተሰጠው ድምፅ ስለ ካርታ ብቻ የተሰጠ አልነበረም። ቢሮው ሲቀርብ ዳኛውም፣ ፖሊሱም ይቀርባል የሚል ተስፋ ነበረበት። ይህ ተስፋ ከተፈጸመ ጠመንጃው ቀስ በቀስ ከግጦሽ መስኩ ወደ ቤቱ ምሰሶ ይመለሳል። ካልተፈጸመ ግን ቀጣዩ ድምፅም ቀጣዩ ጠመንጃም ከቀድሞው ምክንያት ይነሣሉ።

በመጨረሻ

ከዚህ ታሪክ ለባለሙያው ሦስት ነገሮች ይቀራሉ። የመጀመሪያው፣ መሣሪያ መሰብሰብ የግድ ከሆነ በጎረቤታሞቹ ሁሉ ዘንድ በአንድ ጊዜ፣ ከድንበሩ ወዲያና ወዲህ በመስማማት መፈጸም አለበት፤ የቱርካና ታሪክ ሌላ መንገድ እንደሌለ ያስረዳል። ሁለተኛው፣ ጥበቃው ከመረካከቡ በፊት መድረስ አለበት፤ የፖሊስ ጣቢያውም፣ ዳኝነቱም፣ ከብት ሲዘረፍ የሚከታተለው ኃይልም ቀድሞ መታየት ይኖርበታል። ሦስተኛው፣ የጠረፍ መራጭን ድምፅ የሚተረጉም ሰው ስለ አለማወቅ ከመናገሩ በፊት መራጩ ምን እንደሚፈራ መጠየቅ ይገባዋል።

ሐሙስ ዕለት በቀይ አፈር ገበያ በናውና አሪው፣ ሐመሩና ፀማዩ ተገበያይተው በሰላም ይለያያሉ። በመካከላቸው መተማመን ያለው ጥቅም ስለሚያገናኛቸውና ነገሩ ቢበላሽ የሚሸመግል ሰው በአጠገባቸው ስላለ ነው። ከገበያው ወጥቶ ግማሽ ቀን የተጓዘ ሰው ግን ያን ሸምጋይ አያገኘውም፤ ጠመንጃው የሚጠብቀው በዚያ ስፍራ ነው። የአንድ መቶ ሃያ አምስት ዓመት የነፍጥ ታሪክ፣ የስድሳ አምስት ዓመትም የምርጫ ታሪክ የሚጠይቁት የገበያው ሰላም እስከ ግጦሹ ድረስ እንዲዘልቅ ነው።